መምጫው 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13

እናቴ ልታርሰኝ ወደ አሜሪካ የመጣችው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ በረራዋ ነበር። ሁለቱም ሻንጣዎቿ 23 ኪሎ ሞልተዋል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄት። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አየር ማረፊያ ሆዴ ገፍቶ ተቀበልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን። መኪና ውስጥ ገብታ ጋቢዋን እንዳስተካከለች፣ «ልጄ፣ ከቦሌ ሲነሳ ነዳጅ አይሞሉትም እንዴ?» አለችኝ።

ለካ አውሮፕላኑ አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ሲያርፍ የደረሰች መስሏት ቦርሳዋን ይዛ ተነስታለች። አስተናጋጇ «እማማ፣ ገና ነን፤ ነዳጅ ልንሞላ ነው» ብላ መልሳ አስቀመጠቻት። ሳይወርዱ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቀው አትላንቲክን ተሻገሩ። በጠቅላላው 17 ሰዓት ገደማ። የእናቴን እግር ሳይ አዘንኩ፤ አብጦ ከጫማዋ ወጥቷል።

ጥያቄዋ ግን ትክክል ነበር። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን አውሮፕላኑ ይችለዋል። ችግሩ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም እንደ ቆላ አያነሳም። ስለዚህ ሰውና ጭነት ይዞ፣ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣበታል።

ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበች። «በቅሎም አቀበት ላይ ጭነት ይቀነስላታል» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

የእጅ ሰዓቷን ግን ወደ አሜሪካ አልቀየረችም። የአባቴን ቀን የምትከተለው በእሱ ነበር። በየቀኑ እኛ ጋ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ትደውልለታለች፤ እሱ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ እራት በልቶ የሚቀመጥበት ነው። መጋቢት ላይ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ ልዩነቱ ከ8 ወደ 7 ሰዓት ወረደ። እኔም በልጁ ተይዤ ሳልነግራት ረሳሁ። ያን ቀን የእጅ ሰዓቷን ሳታይ በግድግዳው ሰዓት በ6 ሰዓት ደወለች፤ አያነሳም። ደጋግማ ደወለች። አባቴ ገና ከእድር ስብሰባ አልገባም ነበር። ያቺን አንድ ሰዓት መቁጠሪያዋን ይዛ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ዛሬም ባለመንገሬ ይቆጨኛል።

የተመለሰችው በሐምሌ ነው። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። አየሩ ወፍራም፣ ነፋሱም ከኋላ የሚገፋ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ የትም ሳያርፍ ይሄዳል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነሳች። እኔ ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ዋልኩ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ልጁን እያጠባሁ ስልኬ ጠራ።

«ደረስን» አለች። «እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። አባትሽ ውጭ ቆሞ አየሁት። ልጁ ጠባ?»