ዘንድሮ ልቤን የወሰደችው ማርትሬዛ

ዘንድሮ ከሰበሰብኳቸው የድሮ ሳንቲሞች ሁሉ የምወዳት አንዲት ማርትሬዛ ናት፤ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት፣ ከብር የተሠራች ገንዘብ። ባቲ፣ ሰኞ ገበያ ላይ፣ ጌጣጌጥ ከሚሸጡ አንዲት እናት ነው የገዛኋት። ከላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባታል፤ የአንገት ጌጥ ነበረች። ብዙ ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለችውን ተበላሽታለች ብለው ይተዋሉ፣ እኔ ግን በጭራሽ አልስማማም፤ ወሎ ውስጥ ይህ ብር መገበያያ ብቻ ሳይሆን የሴቶች ጌጥም ሆኖ ስለኖረ ማንጠልጠያው ራሱ የታሪኳ አካል ነው።

1780 ይላል። እቴጌዋ የሞቱት በዚያው በፈረንጆቹ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓመቱ ሳይቀየር በተለያዩ አገሮች ሲታተም ስለኖረ፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነች ለመለየት በአጉሊ መነጽር ትንንሽ ልዩነቶችን መፈለግ ግድ ይላል። ጠርዟ ላይ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ተጽፏል። የእቴጌዋ ጉንጭ ከብዙ መታሸት የተነሳ ልስልስ ብሏል።

ደሴ ያለው ጓደኛዬ ደግሞ የ1936ቷን ባለ 50 ሳንቲም አገኘ፣ የጃንሆይ ምስል ያለባትን፣ ከብር የተሠራችውን። ደስታው ልክ የለውም! ብቻ እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ ዋጋውም መልኩም ይሄዳል።

አሁን የምፈልገው የምኒልክ አላድ፣ ማለትም የግማሽ ብር ሳንቲም ነው። ያለው ሰው ካለ፣ በልውውጥም ቢሆን እንነጋገር።