የዋሽንግተንን የኳርተርባክ ምርጫዎች እንዴት መዘንኩ

በዋሽንግተንና አካባቢዋ እየኖረ የአሜሪካን ፉትቦል የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ከአንድ ሙግት አያመልጥም፤ እሱም የከተማው ቡድን፣ የዛሬው ኮማንደርስ፣ ኳርተርባክ (ጨዋታውን የሚመራውን ኳስ ወርዋሪ) መምረጥ አያውቅበትም የሚለው ነው። ይህ እውነት መሆኑን ለማጣራት ቡድኑ ከ1986 ወዲህ በድራፍት (ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ያመጣቸውን ዋና ዋና ኳስ ወርዋሪዎች በኤክሴል ሰንጠረዥ አሰፈርኳቸው (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)።

በመጀመሪያ የወሰንኩት ተጫዋቾቹን በተመረጡበት ዙር ሳይሆን በተራ ቁጥራቸው መደርደርን ነበር። ማርክ ሪፒን በ1986 በስድስተኛው ዙር፣ ሳም ሃውል ደግሞ በ2022 በአምስተኛው ዙር ተመርጠዋል። በዙር ካየናቸው ሃውል የተሻለ ግምት የተሰጠው ይመስላል፤ ነገር ግን በሪፒን ዘመን ድራፍቱ 12 ዙር ስለነበረው፣ ዛሬ ደግሞ 7 ብቻ ስለሆነ፣ የሪፒን ተራ 146ኛ፣ የሃውል 144ኛ፣ ማለትም ተቀራራቢ ነው። ሪፒን በጥር 1992 ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) አሸንፎ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ሃውል በ2023 አሥራ ሰባቱንም ጨዋታ ቢሰለፍም 21 ኳሶች በተጋጣሚ ተጠልፈውበት፣ ይህም የሊጉ ከፍተኛ ቁጥር ሆኖ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሲያትል ተሸኘ።

ብዙ ያሳሰበኝ የዋጋው ዓምድ ነው፤ ቡድኖች የምርጫ ተራቸውን መለዋወጥ ስለሚችሉ ዋጋ ያልኩት ለአንድ ተጫዋች ሲባል የተሰጡትን ምርጫዎች ነው። በ2012 ቡድኑ ሮበርት ግሪፊንን በ2ኛነት ለመምረጥ ለሴንት ሉዊስ ራምስ የዚያን ዓመት 6ኛ ምርጫውን፣ የሁለተኛ ዙር ምርጫውን፣ እንዲሁም የ2013ን እና የ2014ን የአንደኛ ዙር ምርጫዎቹን አስረከበ። በዚያው ድራፍት በ102ኛነት ከርክ ከዚንስን ያለ ብዙ ወጪ ወሰደ። መጀመሪያ ሁሉንም በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ብቻ ልለካቸው አስቤ ነበር፤ በዚህ ልክ ግሪፊን 35፣ ከዚንስ 25 ጨዋታ በቋሚ ተሰላፊነት ጀምረዋል። ሆኖም የግሪፊን 35 በዋሽንግተን የጀመራቸው ጨዋታዎች ሁሉ ሲሆኑ፣ የከዚንስ በሁለት ተጨማሪ ዓመታት 57 ደርሷል። ስለዚህ የአራት ዓመቱንና የጠቅላላውን ቆይታ ጎን ለጎን ማስቀመጡን መረጥኩ። ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን የምድብ አሸናፊ አድርጎ በጥር 2013 ጉልበቱን መጎዳቱንም ለብቻው መዘገብኩ፤ ጉዳት የመራጩን ዓይን አይለካምና።

ሦስተኛው መመዘኛ ተራው በደረሰ ጊዜ ማን ገና አልተወሰደም የሚለው ነው። በ2005 ዋሽንግተን ከዴንቨር 25ኛውን ምርጫ ለማግኘት ሦስት ምርጫዎችን፣ ከእነዚህም የ2006ን አንደኛ ዙር፣ ሰጥቶ ጄሰን ካምቤልን ወሰደ። በኋላ ከሊጉ ምርጥ ኳርተርባኮች አንዱ የሆነውን አሮን ሮጀርስን ግሪን ቤይ የወሰደው ልክ ከዚያ በፊት በ24ኛነት ነው። ደጋፊው የሚቆጨው ግን ዋሽንግተን በዚያው ዕለት 9ኛ ምርጫም ስለነበረው ነው፤ በእሱም ተከላካዩን ካርሎስ ሮጀርስን መረጠ። እኔ ይህን ከባድ ጥፋት ብዬ አልመዘገብኩትም፤ አሮን ሮጀርስን ያለፉት ቡድኖች ብዙ ናቸው፣ እሱም ግሪን ቤይ ውስጥ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ተምሯል። ካምቤል በበኩሉ 52 ጨዋታ ጀምሯል፤ ለከፈሉት ዋጋ ግን የሚበቃ አይደለም።

ሰንጠረዡ ሲሞላ የታየኝ፣ ቡድኑ ርካሽ ምርጫዎቹን ከውዶቹ የተሻለ ማወቁ ነው። በ1994 በ3ኛነት የመጣው ሂት ሹለር ቦታውን የተቀማው በዚያው ድራፍት በ197ኛነት በተመረጠው ጋስ ፍሬሮት ነው፤ ከዚንስም ግሪፊንን በተመሳሳይ መንገድ ተክቷል። በሌሎቹ ሁለት ሱፐር ቦውሎች ቡድኑን ለድል ያበቁት ጆ ታይስማንና ዳግ ዊልያምስ ደግሞ መጀመሪያ የተመረጡት በማያሚና በታምፓ ቤይ ነው።

የጄይደን ዳንኤልስን ረድፍ በከፊል ክፍት ትቼዋለሁ። በ2024 በ2ኛነት ሲመረጥ ቡድኑ የራሱን ምርጫ ከመጠቀም በቀር ተጨማሪ አልከፈለም፤ በመጀመሪያ ዓመቱም 12 አሸንፈው 5 ተሸንፈው ከሱፐር ቦውል በፊት ላለው የኮንፈረንስ ፍጻሜ ደርሰዋል። ከእሱ ቀጥሎ በ3ኛነት ወደ ኒው ኢንግላንድ የሄደው ሌላው ኳርተርባክ ድሬክ ሜይ ስለሆነ፣ ይህን ምርጫ የምመዝነው ሁለቱም ቢያንስ አራት አራት ዓመት ከተጫወቱ በኋላ ነው።