ዝም ብለው የሚጠፉ ተማሪዎች

አሜሪካ ውስጥ ተማሪ ሲቀር ለምን እንደቀረ የሚነግርህ ሰው የለም። ከማስተማር ሥራዬ ለመልመድ የከበደኝ ይሄ ነው። እንግሊዝኛው ይለመዳል። የኮምፒውተሩ ሥርዓትም ይለመዳል። ባዶ ወንበር ግን አሁንም ሆዴን ይበላዋል።

ባሕር ዳር ሳስተምር ክፍሉ ተጠሪ ነበረው። አንድ ልጅ ከቀረ ተጠሪው ቀድሞ መጥቶ "መምህር፣ እገሌ ታሞ ክሊኒክ ነው" ይለኛል። ተጠሪው ባያውቅ የዶርም ጓደኞቹ ያውቃሉ። አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ያድራሉ፣ አንድ ካፌ ይበላሉ፣ ማታ ላይብረሪ ቦታ ይያያዛሉ። ከቤት መርዶ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ብዙ የጎደለን ነገር ነበር። ተማሪ ብቻውን ተቸግሮ ማንም ሳያውቅ መቅረቱ ግን ብርቅ ነበር።

አሁን የማስተምረው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) ነው። ኮርሱ ስታቲስቲክስ ነው። ነርሲንግና ሌሎች የጤና ትምህርቶች ላይ ያሰቡ ልጆች ስለሚወስዱት ሀበሻ ከክፍሌ ጠፍቶ አያውቅም። ዶርም የለም። ሁሉም ከሥራ ይመጣል፣ ወደ ሥራ ይሄዳል። አንዱ ሌሊቱን ነርሲንግ ሆም በሽተኛ ሲያገላብጥ አድሯል። ሌላው ፓርኪንግ ነው ያመሸው። ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ነግቶበት ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ክፍል የሚገባም አለ። ለቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ለእናት ይላካል። ከዚያ በተረፈው ሰዓት ነው የሚማሩት። በዚህ ድካም ውስጥ ሆነው መማራቸውን ሳስብ ሁልጊዜ አከብራቸዋለሁ።

የኔም ኑሮ ከነሱ ብዙ አይርቅም። ፓርት ታይም ነኝ፤ እዚህ አድጃንክት ይሉታል። የሚከፈለኝ በኮርስ ነው። ውሉ በየሴሚስተሩ ይታደሳል። በቂ ተማሪ ካልተመዘገበ ትምህርቱ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ክፍሉ ይሰረዛል፣ ክፍያውም አብሮ ይቀራል። የኢንሹራንስ ነገር የራስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በሁለት ኮሌጆች አስተምራለሁ፤ ምሳዬን መኪና ውስጥ የምበላባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። የራሴ ቢሮ ስለሌለኝ ተማሪዎቼን የማገኘው ላይብረሪ ነው። የአድጃንክትን ነገር ብዙ ሰው ጽፎበታል፤ እዚህ ላይ ላቁመው።

መጻፍ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። የኛ ልጆች ሲቸገሩ ዝም ብለው ይጠፋሉ።

አንዷን ላንሳ። ሌሊት የምትሠራ፣ ትንሽ ልጅ ያላት እናት ናት። ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነበር የምትቀመጠው። ጥሩ ጭንቅላት አላት። ከሴሚስተሩ መሐል ጀምሮ መቅረት ጀመረች፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋች። ኢሜይል ጻፍኩላት፣ አልመለሰችም። በኋላ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር፣ ሱቅ ውስጥ ተገናኘን። አንገቷን ደፍታ "ጋሼ፣ እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው" አለችኝ። ልጇን ሌሊት የሚይዝላት ሰው ሥራ ቀይሮ ኖሯል። ችግሩ ይኸው ነበር። እሷ ግን ኮርሱን በኤፍ ጨርሳዋለች።

"እንዳላስቸግርዎት" የምትለዋን ከብዙዎች ሰምቻታለሁ። ከአስተዳደጋችን የመጣች ናት። መምህር ይከበራል፤ አይጠየቅም፣ በየሰበቡ አይንኳኳበትም። ይህ አክብሮት ደስ ይለኛል፣ ያሳደገኝም እሱ ነው። እዚህ አገር ግን ሥርዓቱ የተሠራው ለሚጠይቅ ሰው ነው። ሲለበሱ (አስተማሪው የሚያድለው የኮርሱ ዕቅድ) ላይ ኦፊስ አወር ተብሎ የተጻፈው ሰዓት ለተማሪው የተመደበ ነው። ካልመጣህ ማንም አይጠራህም። ዝም ያለ ተማሪ ገብቶታል ተብሎ ይታለፋል።

ዝምታው ደግሞ በገንዘብ ያስከፍላል። አገር ቤት የተማረ ሰው ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ፎርም) መሙላት ምን እንደሆነ ያውቃል። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ኮርስ ያለ ቅጣት የሚቋረጠው የሴሚስተሩ 60 በመቶ እስኪያልፍ ነው። በጊዜው የሞላ ሰው ደብሊው (አቋርጧል የሚል ምልክት) ያገኛል፤ ጂፒኤው አይነካም። ሳይሞላ የጠፋ ኤፍ ይገባለታል። ፋይናንሻል ኤይድ የሚወስድ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ሁሉንም ኮርሶች ጥሎ ከ60 በመቶው በፊት የሄደ ተማሪ የፌዴራል እርዳታው በቆየበት ጊዜ ልክ ይሰላል፤ ቀሪው ይመለሳል። የተመለሰውን ገንዘብ ኮሌጁ ብዙ ጊዜ ከተማሪው ይጠይቃል። ቀስ ብሎ ደብዳቤ ይመጣል፤ ያ ዕዳ ሳይከፈል እንደገና መመዝገብ ያስቸግራል።

ይህን ገንዘብ ያገኙት ደግሞ በስንት ልፋት ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ እ.ኤ.አ. በ2024–25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። በዲቪ የመጣ፣ ስደተኝነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው ማመልከት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ያለ ሰው ግን አያገኝም፤ ከኪሱ ይከፍላል። ከኪሱ ከፍሎ፣ ዊዝድሮዋል ሳይሞላ ጠፍቶ፣ ኤፍ ይዞ የቀረ ልጅ ሳይ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሌላም መንገድ አለ። ሥራውን አብዛኛውን ጨርሶ መጨረሻው ላይ የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ኢንኮምፕሊት መጠየቅ ይችላል፤ ቀሪውን በተሰጠው ጊዜ ያሟላል። ግን መጠየቅ አለበት። ወንድሙ አገር ቤት አርፎ ለቅሶ ላይ የቆየ ልጅ እኔ ጋ ሳይመጣ ፈተናው አለፈው። ሐዘኑን ለመንገር አፍሮ ነው። ለቅሶ ቤቱን ባውቀው ኖሮ እኔ ራሴ እደርስ ነበር።

ወላጆችም ከቅዳሴ በኋላ ይይዙኛል። "ልጄ እንዴት ነው? በርትቷል ወይ?" ይሉኛል። ከ1974 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ ኮሌጅ የገባ ተማሪ ውጤት የራሱ ነው፣ ያለ ፈቃዱ አስተማሪ አያወራበትም። አንድ አባት ይህን ስነግራቸው ከፋቸው። "እኔ እየከፈልኩ?" አሉኝ። አዝኜላቸዋለሁ፤ ሕጉ ግን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። "ራሱን ቁጭ አድርገው ይጠይቁት" አልኳቸው። ልጁ አስተማሪውን ይፈራል፣ አባቱንም ይፈራል፤ በመሐል የሚያውቅለት ሰው ይጠፋል።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ በተከታታይ ከቀረ አጭር መልእክት እልካለሁ። ለሀበሻ ልጆች በአማርኛ እጽፋለሁ፦ "ሰሞኑን አላየሁሽም። ደኅና ነሽ? የዊዝድሮዋል ቀን ሳያልፍ እንነጋገር።" የቀኑንም ቁጥር አስቀምጣለሁ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ አይስማሙም። ተማሪዎቹ አዋቂዎች ናቸው፣ የራሳቸውን ኃላፊነት ይውሰዱ ይላሉ። ለዚህ ሰዓት ደግሞ የሚከፈለኝ የለም። ያም ሆኖ አልተውም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሠራ ሰው ስለ ኃላፊነት ከኔ የሚማረው ነገር ያለ አይመስለኝም። የሚጎድለው መረጃ ነው፤ ቀኑን የሚያስታውሰው ሰው ነው።

ያቺ እናት በጥር ተመልሳ ተመዘገበች። ልጇ ትምህርት ቤት የሚውልበትን ሰዓት አይታ የቀን ክፍል ነው የመረጠችው። አሁንም ሌሊት ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት የናሙናን ቫሪያንስ (ቁጥሮቹ ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚለካበትን) ስናሰላ እጇን አወጣች። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ለምንድን ነው በናሙናው ብዛት ሳይሆን አንድ ቀንሰን የምናካፍለው?" አለችኝ። ዲግሪ ይዘው እንኳ ብዙዎች የማይጠይቁት ጥያቄ ነው። የቀረውን ሰዓት በሙሉ እሱ ላይ ዋልን።