አሥራ አንድ ወር ከልጄ ጋር፦ ከደሴ ዋገኒንገን፣ ከዋገኒንገን ደሴ

የዶክትሬት ትምህርቴ «ሳንድዊች» በሚባለው ሥርዓት የተያዘ ነበር፤ መረጃው ወሎ ውስጥ ከገበሬ ማሳ ይሰበሰባል፣ ጽሑፉ ግን ኔዘርላንድስ፣ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተኪዶ ይጠናቀቃል። ለመጨረሻው የጽሑፍ ጊዜ ስሄድ ስድስት ዓመት ከአሥር ወር የሆናትን ልጄን ይዤ ሄድሁ፤ ባለቤቴ በሥራው ምክንያት ደሴ ቀረ። ከነሐሴ 2010 እስከ ሐምሌ 2011 ዓ.ም. የቆየንበትን ጊዜ የምጽፈው ልጅ ይዘው ለአጭር ጊዜ ለሚሄዱ ወገኖች ነው። ለመኖር የሚሄድና ለመመለስ የሚሄድ ሰው ስንቃቸው አንድ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የተሠራው ገና ሳንነሣ ነበር። ልጄ የተወለደችው ጥቅምት 10 ቀን 2004 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው 2003 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነበት ዓመት ስለነበር፣ የ2004 መስከረም 1 የዋለው እንደ ወትሮው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው፤ ስለዚህ የልደቷ ቀን ኦክቶበር 21 ይሆናል። ፓስፖርቷ ላይ በትክክል ተጽፏል። የልደት የምስክር ወረቀቷን የተረጐመው ሰው ግን በለመደው ስሌት 20 ብሎ ጻፈው፤ እኔም ሳላስተያይ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እስከ ኤምባሲ በማኅተም አስጸደቅሁት። እዚያ አገር ከአራት ወር በላይ የሚቆይ ሰው በገባ በአምስት ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት መመዝገብ አለበት። የመዝገቡ ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ «ልጅሽ የተወለደችው መቼ ነው?» ስትለኝ፣ ስለ ጳጉሜን ማስረዳት ጀመርሁ፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አለን ስላት ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ባለቤቴ ትርጕሙን ለማሳረም ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ የልጄ ምዝገባም ስድስት ሳምንት ዘገየ። ጳጉሜን ስድስት ከሆነ በኋላ ባለው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለደ ልጅ ያላችሁ፣ ቀኑን በራሳችሁ እጅ ቁጠሩት።

ትምህርት ቤቱ ያን ሁሉ ሳይጠብቅ ተቀበላት። ችግር የሆነብን ሰዓቱ ነው። ክፍል የሚጀመረው በፈረንጅ 8፡30 ነው፤ በእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ደቾች ግን ይህንኑ «ሃልፍ ኔኸን» ይሉታል፤ ቃል በቃል ቢተረጐም «ግማሽ ዘጠኝ» ነው። ስለዚህ አንዷ ጠዋት በቤታችን ሦስት ስም ነበራት። በኅዳር ወር «የአሥር ደቂቃ ውይይት» ወደሚሉት የወላጅና የመምህር ቀጠሮ ተጠራሁ፤ እንደ ስሙ በእርግጥም አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ቀጠሮዬ «ግማሽ ሁለት» ላይ ነበር። እኔ በፈረንጅ 2፡30 ስደርስ መምህሯ ከሌላ ወላጅ ጋር ነበረች፤ የእኔ ተራ ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ማታ ለልጄ ስነግራት «እማዬ፣ እነሱ እኮ የሚጠሩት ገና ያልሞላውን ሰዓት ነው» አለችኝ። እኔ በዕለቱ በኀፍረት የተማርሁትን ነገር እርሷ በሦስት ወር ውስጥ ሳትማረው አውቃዋለች።

ያን ማታ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የእኛን፣ የፈረንጁንና የደቾቹን አጠራር በሦስት ረድፍ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከአባቷ ጋር የምንደዋወለውም በዚያ ወረቀት ነበር፤ በክረምታቸው ደሴ ሁለት ሰዓት ስለሚቀድም የእነሱ 6፡30 ማታ የእኛ ከምሽቱ 2፡30 ነው። መጋቢት 22 ቀን ሰዓታቸውን ወደ ፊት ሲገፉ ልዩነቱ ወደ አንድ ወረደና ባለቤቴ ስልኩን ይዞ በከንቱ ሲጠብቅ አመሸ።

ምግቡን በአጭሩ ልለፈው። እዚያ ተማሪ ምሳውን ቀዝቃዛ ዳቦ ይዞ ይሄዳል፤ ዳቦው ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ ቸኮሌት ይነሰነሳል፤ ልጄም በአንድ ሳምንት ውስጥ እንጀራ እንዳልቋጥርላት ለመነችኝ። ተከፋሁ፤ በኋላ ግን እንጀራን ለእራት ብቻ አደረግሁት። የጤፍ ዱቄት አይጠፋም። አንድ የደች ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘውን የባለቤትነት መብት ዘ ሄግ ያለ ፍርድ ቤት መሻሩ የተሰማውም በዚያው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ደስታዬን የገለጽሁት ብርዱ አላቦካ ያለኝን ሊጥ ማሞቂያው ሥር እያስጠጋሁ ነበር።

ከባዱ ግን ረመዳን ሆነ። የገባው ሚያዝያ 28 ስለነበር ፀሐይ የምትጠልቀው ከእኛ ሦስት ሰዓት ምሽት በኋላ ነው፤ ልጄ በዚያ ሰዓት ተኝታለች። ደሴ ቢሆን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ለፊጥራ የሚሰበሰቡበትን ማዕድ ብቻዬን እቀርብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀን አስተኝቼ ማታ አብራኝ እንድታፈጥር አደረግሁ። ለዒድ ከትምህርት ቤት ማስቀረት ግን ቀላል ነው፤ ያለ ፈቃድ ልጅ ማስቀረት በሚያስቀጣበት አገር፣ ለሃይማኖት በዓል አስቀድሞ ማሳወቅ ይበቃል።

አሁን ዋናው ጥፋቴ ላይ ደረስሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ደችኛ ትልመድ ብዬ አማርኛውን ተውሁት። ለገና ሰሞን ስጠራት በደችኛ ትመልስልኝ ጀመር፤ ከአባቷ ጋር ስታወራ ቃል እየጠፋት ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። ፊደል ገና አልቆጠረችም ነበር። ባለቤቴ በመንገደኛ የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ላከልን፤ አብሮን ሻንጣ ውስጥ መሄድ የነበረበት ነው። ከስልኩ በፊት ሃያ ሃያ ደቂቃ እንቆጥር ጀመር። እውነቱን ለመናገር ግን የረዳት መጽሐፉ አይደለም። ረቡዕ ትምህርታቸው ግማሽ ቀን ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ለአያቷ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ እኔ ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ፣ ባለቤቴ ለእናቱ ያነብላቸዋል፣ እሳቸውም ቡናቸውን እየጠጡ መልሱን በድምፅ ይቀዱላታል። ከመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች አንዱ «እዚህ ተራራ የለም፣ ጦሳ ናፈቀኝ» የሚል ነበር፤ ጦሳን «ጦሰ» ብላ ነው የጻፈችው። አያቷ «አብሽሪ ልጄ፣ ጦሳ የትም አይሄድ» አሏት። ያን ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሰማችው አላውቅም።

ስንመለስ ደሴ የጠበቀን ሌላ የወረቀት ጣጣ ነው። የደቾች የመጀመሪያ ደረጃ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጀምሮ ስለሚቆጠር «ምድብ 3» ማለት የእኛ አንደኛ ክፍል ነው። የውጤት ወረቀቷን ሳላስተረጕምና ሳላስጸድቅ ነበር የመጣሁት፤ ሬጅስትራሩ ቁጥሩን ብቻ አይተው አራተኛ ክፍል ልትገባ ነው ብለው ገረማቸው። እዚያ እያለሁ ትምህርት ቤቱ የክፍሉን አቻ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍልኝ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር። በመጨረሻ ፈተና ሰጥተዋት ሁለተኛ ክፍል ገባች፤ ሒሳቡ አላስቸገራትም፣ ንባቡ ግን እስከ ጥር ድረስ አብረናት ስንለፋበት ከረምን።

የሦስት ረድፉ ወረቀት ዛሬ ደሴ ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ። ከዋገኒንገን ጓደኛዋ ጋር ለመደዋወል ስትቀጣጠር ቀና ብላም አታየውም። እኔ አሁንም በጣቴ እቆጥራለሁ።