የግድብ ግርጌ

ግድብ አይቼ መምጣቴን የሰማ ሁሉ «ተሰንጥቋል እንዴ?» ይለኛል። እኔ ግን ከስንጥቁ በፊት የማየው ግርጌውን ነው። ከአፈር የተሠራ ግድብ ትንሽም ቢሆን ውሃ ማስረጉ አይቀርም፤ በዚህ የሚደነግጥ ባለሙያ የለም። የሚያስፈራው የሚሰርገው ውሃ በድንገት ሲጨምር ወይም ሲደፈርስ ነው። ደፈረሰ ማለት የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነው።

አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ የነበረው ቲተን ግድብ የፈረሰው እንዲሁ ነው። 93 ሜትር ከፍታ ያለው አዲስ ግድብ፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየተሞላ ሳለ። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 ማለዳ የደፈረሰ ውሃ ታየ። ቀዳዳውን እንዲደፍኑ የተላኩት ሁለት ቡልዶዘሮች ራሳቸው ተዋጡ (ሾፌሮቹ ተርፈዋል)፤ እኩለ ቀን ላይ ተደረመሰ። 11 ሰው ሞተ።

በቅርቡ አንድ የመስኖ ግድብ ላይ ነበርኩ። የሚሰርገውን ውሃ ለመለካት የተተከለው ብረት በደለል ተሞልቶ ሣር በቅሎበታል፤ መዝገቡ ላይ ቁጥር ከተጻፈ ዓመታት አልፈዋል። ጥበቃው ሽማግሌ ግን ይዘውኝ ዞሩና ከብት የሚጠጣበት ረግረግ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «ኢንጂነር፣ ይቺ ምንጭ እኮ አምና አልነበረችም» አሉኝ። ሰፈሩ ምንጭ ፈለቀልን ብሎ ደስ ብሎታል! በሃይላንድ ቀድቼ ወደ ፀሐይ አነሳሁት፤ ጥርት ያለ ነው። ተመስገን።

ስፒልዌዩ (የትርፍ ውሃ መውጫው) ላይ ደግሞ ለበጋ ውሃ እንዲተርፍ ተብሎ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ተደርድሯል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ በጋ ክፉ ነው። ግን የክረምት ጎርፍ መውጫ ካጣ በግድቡ አናት ላይ ይፈሳል፤ የአፈር ግድብ ደግሞ ያንን አይችልም።

የግድብ ስጋት የሚሰላው የመፍረስ ዕድሉና ቢፈርስ የሚያደርሰው ጉዳት ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ግድቡ ምንም ሳይሆን ስጋቱ ሊያድግ ይችላል። የዚህኛው የዲዛይን ሰነድ ከታች ያለው የግጦሽ መሬት ነው ይላል፤ ዛሬ እዚያ ቆርቆሮ ቤቶችና ገበያ አሉ።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ የከሰም ግድብ ነገር ብዙ ሰው አሳስቦ ነበር። ከመንቀጥቀጥ በኋላ ስርገቱ ይለካል፣ በግድቡ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ይነበባል፣ አናቱ ዝቅ ማለት አለማለቱ ይታያል። የትም ግድብ ላይ ቢሆን ግን የትናንቱ ቁጥር ከሌለ የዛሬውን ከምን ጋር እናስተያየዋለን? ደብተርና እስክሪብቶ እኮ ነው የጠየቅነው። ለምረቃ ድንኳን የሚወጣው ገንዘብ የስንት ዓመት ጥበቃ ደመወዝ ይሆን ነበር!

እዚያ ግድብ ላይ ማዳበሪያዎቹ ተነስተዋል፣ ብረቱም ተጠርጓል። ሽማግሌው በየሳምንቱ ለክተው ቁጥሩን በስልክ ይነግሩኛል። ሌሊት ውሃው ቢደፈርስ ገበያው አካባቢ ያለውን ሰው ማን እንደሚቀሰቅስ ግን እስካሁን የወሰነ አካል የለም።