የሚስተር ዋሽንግተን ስም

ዛሬ ሥራ ቦታ የመግቢያ ባጅ ለማሳደስ ተሰልፈን ነበር። ከፊቴ የቆሙት አብረውኝ የሚሠሩ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው፤ ሚስተር ዋሽንግተን። እኔ «ላስት ኔም?» ስባል የአያቴን ስም ተናገርኩ። ዞር አሉ።

«የአያትህ ስም ነው? ታውቃቸው ነበር?»

«እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ።»

ትንሽ ዝም ብለው «እኔ ከ1870 በፊት የነበሩትን አያቶቼን አላውቃቸውም» አሉኝ። ከዚያ አዲሱን ባጅ ተቀብለው ስማቸውን ፊደል በፊደል፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

በ1870 እ.ኤ.አ. ነው ነፃ የወጡት ሰዎች በሕዝብ ቆጠራ በስማቸው የተመዘገቡት። በፊት በነበሩት ሁለት ቆጠራዎች በባርነት የተያዘ ሰው ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ብቻ ነበር። ስም የለውም። ይህን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል።

ዋሽንግተን የሚለው ስም ራሱ ከሰሜን እንግሊዝ፣ ከደርሃም አካባቢ የመጣ የቦታ ስም ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ባላባት ቦታውን ሲይዝ መጠሪያው አደረገው። የጆርጅ ዋሽንግተን ቅድመ አያት፣ ጆን፣ በ1650ዎቹ ቨርጂኒያ ይዞት ገባ። በ2000 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ግን ዋሽንግተን ከሚባሉት አሜሪካውያን ከአሥሩ ዘጠኙ ጥቁሮች ነበሩ።

ብዙዎቹ ስሙን በባርነት ከያዛቸው ጌታ የወረሱት ይመስለን ይሆናል። ራሳቸው የመረጡትም አሉ። ታዋቂው የጥቁር አሜሪካውያን መምህርና መሪ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ከባርነት ነፃ ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ ሌሎቹ ልጆች ሁለት ስም እንዳላቸው ሰማ። እሱ ያለው «ቡከር» ብቻ ነበር። መምህሩ ጋ ተራው ሲደርስ፣ በእርጋታ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ።