ሁሉንም "አላው" የተባለበት ኮምፒውተር

ሜክሲኮ፣ ከዋቢ ሸበሌ ሆቴል ብዙም የማይርቅ ህንፃ ላይ ኮምፒውተር ጥገና ነው የምሠራው። ደንበኛ ከሚጠይቀኝ ነገር ሁሉ ቶሎ የማልመልሰው "ለቤት ኮምፒውተሬ የትኛውን ፋየርዎል ልጫን?" የሚለውን ነው። ፋየርዎል ማለት በኔትዎርክ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠር በረኛ ፕሮግራም ነው። የአንዱን ስም ጠርቶ መሸኘት ይቻላል፣ ብዙ ቦታም የሚደረገው እሱ ነው፣ እኔ ግን አንዲት እናት መጥተው ከሄዱ ወዲህ ሰውየው በኮምፒውተሩ ምን እንደሚሠራና ማን እንደሚነካው ሳልጠይቅ የማንንም ስም አልጠራም።

ድሮ ባንክ የሠሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ሆነው የሱቆችና የትናንሽ ድርጅቶች ሂሳብ የሚይዙ ሴት ናቸው። ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አለ፣ አንዱ የሳቸው ነው የፒችትሪው፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ፣ ዳታ ያለበት፣ ሌላው ደረሰኝ የምታስገባላቸው ልጅ የምትሠራበት፣ ሁለቱም በቤቱ ራውተር ነው የሚገናኙት። የመጡት የቫት ማሳወቂያ ጊዜ ሊያልፍ ሲል ነው፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። "ልጄ ኔትዎርኬ ሞቶብኛል" አሉኝ። የልጅቷ ኮምፒውተር ፒችትሪውን መክፈት አቁሟል፣ ፕሪንተሩ አንዴ ይሠራል አንዴ ይጠፋል፣ የታክሱ ድረገፅ ደግሞ በስልካቸው በዛው ዋይፋይ እየተከፈተ በኮምፒውተሩ እንቢ ይላል። ይቺ የመጨረሻዋን ሲነግሩኝ መስመሩን መጠርጠር ተውኩት፣ ስልኩ ላይ ከሠራ ራውተሩም ኢንተርኔቱም ደህና ነው፣ ነገሩ ማሽኑ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ማሽኑ ሲነሳ ታች ሰዓቱ ጎን ሁለት የተለያዩ ፋየርዎሎች ቁጭ ብለዋል። አንዱ ከአንቲቫይረስ ጋር በጥቅል የመጣ፣ ሌላው ለብቻው የተጫነ፣ ሁለቱም ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ። የእህታቸው ልጅ ነው አሉኝ፣ "የዊንዶውሱ አይረባም፣ ሁለት ሲሆን ደሞ የበለጠ ይጠብቃል" ብሎ በፍላሽ አምጥቶ የጫነላቸው። ልጁ ክፋት የለበትም፣ አክስቱን ሊጠብቅ ነው። ግን ፋየርዎል ሲደራረብ አይጠነክርም። ሁለቱም እያንዳንዷን ፓኬት፣ በኔትዎርክ የምታልፈውን ቁራጭ ዳታ ማለት ነው፣ መሀል ገብተው ይመረምራሉ፣ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ይጥለዋል፣ የትኛው እንደጣለው ለማወቅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያደክማል። አንዱን ከታች ከምልክቱ "ኤግዚት" ብትለው እንኳ መስኮቱ ነው እንጂ የሚዘጋው ድራይቨሩ፣ ዊንዶውሱ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ክፍሉ፣ ሥራውን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ሰው "አጥፍቼው ሞክሬያለሁ" ሲለኝ አላምነውም፣ በሥርዓቱ ካልተነቀለና ማሽኑ ሪስታርት ካላደረገ አልጠፋም። እና ደግሞ ዊንዶውስ ሌላ ፋየርዎል መኖሩ ሲነገረው የራሱን ስለሚያጠፋ፣ የተጫነው ክራክ ሆኖ ግማሽ በግማሽ ሲሠራ ሰውየው ጥበቃ ያለው ይመስለዋል እንጂ አብዛኛው በር ክፍት ነው።

እዚህ ድረስ የተለመደ ጉዳይ ነው። ያስደነገጠኝ የፈቃድ ዝርዝሩን ስከፍት ያየሁት ነው።

ይሄ ለብቻው የተጫነው ፋየርዎል ማንኛውም ፕሮግራም ወደ ኢንተርኔት ሊወጣ ሲል የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ዝርዝሩ ከላይ እስከታች "አላው፣ አላው፣ አላው"፣ ይለፍ ማለት ነው። መሀል ላይ ኤስቪሲሆስት የምትመስል ግን ሁለት ፊደሏ የተገላበጠ ፋይል አለች። ትክክለኛው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም 32 ፎልደር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ይቺ ግን የተጠቃሚው አፕ ዳታ ውስጥ ነው ያለችው። ማሽኑ ከማን ጋር እንደተገናኘ በሚያሳየው ትዕዛዝ፣ ኔትስታት ብዬ ሳይ ደግሞ ውጪ ካለ አድራሻ ጋር ተገናኝታ ቁጭ ብላለች። ከክራኩ ጋር መግባቷ ብዙም አላጠራጠረኝም፣ የክራኩ ፎልደር ውስጥ ያለው ማብራሪያ "አንቲቫይረስህን አጥፋና ጫን" ይላል፣ ማን ገብቶ ማን እንደወጣ የሚያይ በሌለበት ሰዓት ነው ማለት ነው የተጫነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ፋየርዎሉ ሥራውን ሠርቷል። ጠይቋል። "ይሄ ፕሮግራም ሊወጣ ነው፣ ይለፍ ወይስ ይታገድ?" ብሏል፣ መልሱ "ይለፍ" ነው የሆነው።

"እናት፣ ይሄ ሲመጣ ምን ብለው ነው የሚነኩት?" አልኳቸው።

"ሁሉንም አላው ነው የምለው ልጄ። መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ብሎክ ብዬ ፒችትሪዬ አልከፈት ብሎ ቀኔን አበላሸው። ከዛ በኋላ ማን ይደፍራል?"

አየሁት ደግሞ። መጀመሪያ የታገደው የፒችትሪው ዳታቤዝ ነው፣ ፐርቫሲቭ የሚባለው፣ ስሙ ከፒችትሪ ጋር በምንም አይመሳሰልም፣ ሰላሳ ዓመት ሂሳብ የሠራ ሰው ስሙን አይቶ የኔ ነው ብሎ ሊያውቅ አይችልም። ትክክለኛውን ከልክለው ተቀጡ፣ ከዛ ሌባውንም አሳለፉ። ጥፋተኛ አልላቸውም፣ ጥያቄው ለሳቸው የተጻፈ አይደለም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ እዚህ ላይ ተከራከረኝ። "የዊንዶውሱማ ወደ ውጪ የሚወጣውን ሁሉ ዝም ብሎ ነው የሚያሳልፈው፣ ሌላ እንጫንላቸው" አለ። እውነቱን ነው፣ የዊንዶውስ ፋየርዎል እንደመጣ ከተተወ ካልተፈቀደ በቀር የሚገባውን ያግዳል፣ ካልታገደ በቀር የሚወጣውን ያሳልፋል። ግን "አይረባም" የሚለው ወሬ ከድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ብላስተር የሚባለው ወርም፣ በኔትዎርክ ራሱን የሚያባዛ ቫይረስ፣ ዓለምን ሲያምስ ኤክስፒ ላይ ፋየርዎል ነበር፣ ግን ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ በ2004 ሰርቪስ ፓክ 2 ሲወጣ ነው በርቶ መምጣት የጀመረው። ያኔ ወደ ውጪ የሚሄደውን ጭራሽ አይቆጣጠርም ነበር፣ ከቪስታ ጀምሮ ግን ለሚወጣውም ሩል፣ የፈቃድና የእገዳ ደንብ፣ መሥራት ይቻላል። በ2017 የመጣው ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ደግሞ በፖርት (በኔትዎርክ በር) ቁጥር 445፣ ማለትም በፋይል ሼሪንግ በኩል ነው ከማሽን ማሽን የሚዘለው፣ የሚዘጋው አፕዴት ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። እኛ ጋ "ፓኬጅ ይበላብኛል" ተብሎ አፕዴት ይዘጋል፣ ፋየርዎል ፍለጋ ግን ይዞራል። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

ለሳቸው ያደረግነው እንዲህ ነው። የፒችትሪውን ዳታ ብቻ ኮፒ አድርገን ስካን አደረግነው፣ ዊንዶውሱን ከዜሮ ጫንን፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት እንግዳ የቆየበትን ማሽን አጽድቼዋለሁ ብዬ ለሰው ሂሳብ አላስረክብም። የኢሜይልና የታክስ ፓስወርዳቸውን እዛው በስልካቸው አስቀየርናቸው። ፋየርዎሉ የዊንዶውሱ ብቻ። የቤቱን ዋይፋይ "ፕራይቬት"፣ የሚታመን ኔትዎርክ፣ አልነው፣ በስልክ ሆትስፖት ወይ ውጪ ሲገናኙ "ፐብሊክ" እንዲሆን፣ የፐርቫሲቭን ፖርት 1583ና 3351 ደግሞ ለፕራይቬቱ፣ ያውም ለቤቱ ኔትዎርክ ብቻ ከፈትን። ፋይል ሼሪንጉም እንደዛው። ሌላው ደግሞ፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ የሚሠሩበትን አካውንት ከአድሚን አውርደን ተራ ተጠቃሚ አደረግነው፣ አሁን ማንም ፍላሽ ይዞ መጥቶ ያለ አድሚን ፓስወርድ ድራይቨር አይጭንም። ከሰዓት በኋላ ለልጅቷ ደውለው ስትሞክረው ፒችትሪው ተከፈተ፣ ፕሪንተሩም አወጣ።

የእህታቸው ልጅ በሳምንቱ ራሱ መጣ፣ የሱም ላፕቶፕ ላይ ያው ክራክ አለ። ለሱ ግን ሌላ ነገር ነው የመከርኩት። ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው፣ ፖርት ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ካፌ ዋይፋይ ላይ ይውላል፣ የሚወጣውን ትራፊክ ማየት ይፈልጋል። ታይኒዎል ነፃ ነው፣ የዊንዶውሱን የራሱን ማጣሪያ ነው የሚጠቀመው፣ በየደቂቃው እየተነሳ አይጠይቅም፣ አንተ የፈቀድከው ብቻ ይወጣል አልኩት። አንድ ፕሮግራም አልሠራ ሲለው ቁጭ ብሎ ፈልጎ የሚፈቅድ ልጅ ስለሆነ ይሆነዋል። አክስቱ ቤት ግን እንዳትጭነው አልኩት፣ እሺ አለኝ።